ሐይቁ ሲጎድል ለማን ይነገር ነበር?

(በተመራቂዎች መገናኛ በዓል ላይ የቀረበ ንግግር)



አዘጋጆቹ ስለ ጡረታ ሕይወት እንድናገር ነበር የጠየቁኝ። እኔ ግን ጡረታ የወጣ ሰው ጊዜውን ሊያውልበት ከሚችለው ሥራ አንዱን መርጬ መጥቻለሁ፦ ያለ ደመወዝ፣ በፈቃደኝነት፣ በመሬትና በውሃ ጉዳይ አማካሪ ኮሚቴ ውስጥ መቀመጥ። "ኮሚቴ" ስል የአንዳንዶቻችሁ ፊት ሲጠቁር አይቻለሁ። አልፈርድባችሁም። የእኛ ትውልድ ያልተሰበሰበበት ኮሚቴ የለም፤ ከተሰበሰበባቸው ውስጥ ምን እንደሠሩ የሚያስታውሳቸው ግን ጥቂት ናቸው።

ከቅርባችን ልጀምር፣ ከሐይቁ። "አለማያ" እያልን በተማርንበት ዘመን ሐይቁ ለእኛ ፎቶ መነሻና ከፈተና በኋላ መናፈሻ ነበር። በ1990ዎቹ መጨረሻ ደረቀ። ወለሉ ላይ ከብት ተሰማራበት፤ ውሃ የጠፋበት ገበሬ ደግሞ ያንኑ ወለል ጉድጓድ ቆፈረበት። ዩኒቨርሲቲያችን "ሐረማያ" የሚለውን ስም የያዘው በ1998 ዓ.ም. ነው። የሐይቁን ስም የወረስነው ሐይቁ ከሄደ በኋላ ነው ማለት ነው፤ ውርስ እንዲህ ነው መሰለኝ።

የደረቀበት ምክንያት አንድ አልነበረም። በዙሪያው ካለው ተዳፋት የሚታጠበው አፈር የሐይቁን ሆድ ሞላው። ጫትና አትክልት ለማጠጣት በየማሳው ፓምፕ ተተከለ። ሐረር ከተማ ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው ከዚሁ ሐይቅ ነው፤ የግቢያችን ውሃም የዚሁ ተፋሰስ ውሃ ነበር። ሐይቁ ጥልቀት የሌለው በመሆኑ ፀሐይም ድርሻዋን ትወስድ ነበር። ይህን ማን አላወቀም? ፓምፕ ያለው ገበሬ ቱቦውን ባስረዘመ ቁጥር ያውቅ ነበር። ውሃውን ወደ ከተማ የሚገፋው ሠራተኛም ያውቅ ነበር። እዚህ ግቢ ውስጥ ደግሞ የአፈርና የውሃ ጥበቃ ይሰጥ ነበር፤ ማስተማሪያው ከመስኮቱ ባሻገር ይታይ ነበር። እኔ እስከማየው ድረስ የጎደለው ዕውቀት አልነበረም። የጎደለው እነዚህ ሰዎች አብረው የሚቀመጡበት፣ የተናገሩትንም ሰምቶ "እሺ" ወይም "እምቢ፣ ምክንያቱም..." ብሎ የመመለስ ግዴታ ያለበት ሰው የሚገኝበት ቦታ ነው።

ይህ "የመመለስ ግዴታ" የሚለው ነገር ከየት እንደመጣብኝ ልንገራችሁ። ላለፉት ዐሥራ አራት ዓመታት የምኖረው ኮሎራዶ፣ ዴንቨር አጠገብ ነው። ከሮኪ ተራሮች ወደ ምዕራብ ስትጓዙ የምታዩት መሬት አብዛኛው የግል አይደለም፤ የፌዴራል መንግሥት ነው። የመሬት አስተዳደር ቢሮ የሚባለው መሥሪያ ቤት ብቻውን ወደ 100 ሚሊዮን ሄክታር የሚጠጋ መሬት ያስተዳድራል። ከብት አርቢው ያሰማራበታል፣ ማዕድን አውጪው ይቆፍርበታል፣ አዳኙና በእግር ተጓዡ ይመጣበታል። ጭቅጭቁን መገመት ነው። እንግዲህ ከ1995 (በእነሱ አቆጣጠር) ጀምሮ በየአካባቢው የሀብት አማካሪ ምክር ቤት የሚባል አለ። ከ10 እስከ 15 ሰው ነው፤ ለጉዞ ወጪ ካልሆነ በቀር ክፍያ የላቸውም። ወንበሩ በሦስት ወገን የተከፈለ ነው። አንደኛው ወገን ከመሬቱ የሚጠቀመው፣ ማለትም የግጦሽ፣ የእንጨትና የማዕድን ሰው ነው። ሁለተኛው የተፈጥሮና የቅርስ ተቆርቋሪው ነው። በሦስተኛው የተመረጡ ሹማምንት፣ የነባር ሕዝቦች ተወካዮች፣ ምሁራንና ተራው ነዋሪ ይቀመጣሉ።

የወደድኩት ቀጥሎ ያለው ነው። ምክር ቤቱ አንድ ምክረ ሐሳብ በይፋ ለማቅረብ ከሦስቱም ወገን በየወገኑ አብላጫ ድምፅ ማግኘት አለበት። በጠቅላላ ድምፅ ብቻ አይሆንም። አርቢዎቹ ተባብረው ተቆርቋሪዎቹን ሊጥሉ አይችሉም፣ በተገላቢጦሹም እንዲሁ። ምክራችን ያለ በቂ ምክንያት ተገፋ ብለው ካመኑ ደግሞ፣ አባላቱ በሙሉ ከተስማሙ በቀጥታ ሚኒስትሩን መጠየቅ ይችላሉ፤ እሱም በ60 ቀን ውስጥ መመለስ አለበት። ከዚህ በላይ ያለው የ1972ቱ የአማካሪ ኮሚቴዎች ሕግ ስብሰባው ለሕዝብ ክፍት እንዲሆንና እንደ ነጋሪት ጋዜጣችን ባለው የመንግሥት ጋዜጣ ቢያንስ ከ15 ቀን በፊት እንዲነገር ያዛል። ኮሚቴው ራሱም ማቋቋሚያው በየሁለት ዓመቱ ካልታደሰለት ያበቃል። ይቺን የመጨረሻዋን ብቻ ይዘን ብንመለስ ስንቱን ኮሚቴ በክብር እንቀብር ነበር!

ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ አይደለም። አባላቱን የሚሾመው ሚኒስትሩ ስለሆነ ፖለቲካው ውስጡ አለ፤ በ2017 እነዚህ ምክር ቤቶች ከሌሎች ብዙ ኮሚቴዎች ጋር "ለግምገማ" ተብሎ ስብሰባቸው ተቋርጦ ነበር። ቢሆንም ስብሰባው ሲቋረጥ ሰው ጮኸ። የማይጠቅም ነገር ሲቆም ማን ይጮሃል?

እኔ ራሴ የተቀመጥኩት ከዚያ ያነሰ ቦታ ነው፤ በምኖርበት ካውንቲ የክፍት መሬት አማካሪ ኮሚቴ። በወር አንድ ሐሙስ ማታ እንሰበሰባለን። ጡረታ የወጣች አስተማሪ፣ አንድ ከብት አርቢ፣ ሁለት ብስክሌተኞች፣ አንድ የቧንቧ ሠራተኛ፣ እኔና ሌሎችም አለን። አንድ ጊዜ ትልቅ ክርክር የገጠመን በአንድ የተራራ መንገድ ላይ ነበር፦ ንስሮች ገደሉ ላይ ጎጆ በሚሠሩበት ወቅት መንገዱ ይዘጋ ወይስ አይዘጋ? ሦስት ስብሰባ ፈጀ። በመጨረሻ ሙሉ በሙሉ ይዘጋ ብለን መከርን። የካውንቲው ቦርድ አልተቀበለንም፤ ግማሹን ብቻ ዘጋ። ግን አንድ ገጽ ተኩል ደብዳቤ ጻፈልን፦ የትኛውን ምክራችንን እንደወሰደ፣ የትኛውን እንደተወ፣ ለምን እንደተወ። በክርክሩ በጣም የተናደደው ብስክሌተኛ ያንን ደብዳቤ አንብቦ በሚቀጥለው ዓመት ለሁለተኛ ዘመን ተመዘገበ። ተሸንፎ ሳይሆን ተሰምቶ ነው የሄደው።

አሜሪካን ልሰብክላችሁ አልመጣሁም፤ ለዚህ አሜሪካ መሄድም አያስፈልግም። ሰሜን ሸዋ መንዝ ውስጥ ጓሳ የሚባለውን ከፍተኛ ቦታ ታውቁታላችሁ፤ ጭላዳውና ቀይ ቀበሮው ያለበት። እዚያ የቀሮ ሥርዓት ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ሲሠራ ኖሯል። የአካባቢው ባለ መብት ተሰብስቦ የራሱን መሪ ይመርጣል፤ ጓሳው አንዳንዴ ለ3፣ አንዳንዴ እስከ 5 ዓመት ይዘጋል። ሳሩ ሲደርስ ቀን ተቆርጦ ይከፈታል። ሳሩ ቤት መክደኛ ነው፣ ገመድ ነው፣ የእረኛ ገሳ ነው። በ1967ቱ የመሬት አዋጅ የርስት ሥርዓቱ ሲፈርስ ቀሮውም አብሮት ላላ፤ ጥበቃው ኋላ ላይ ከየቀበሌው በተውጣጣ ኮሚቴ እንደገና ተቋቋመ። መልካምና ክፉ ጎን ነበረው፤ ርስት የሌለው ሰው ድምፅ አልነበረውም፣ ይህን መሸፈን የለብንም። ግን የሚወስነው ሰው የራሱን ከብት ጭምር ነበር የሚያግደው፤ የተወሰነውም የመዝጊያና የመክፈቻ ቀን ለሁሉ ይታይ ነበር።

ከዚህ ጋር ላነጻጽርላችሁ። አገር ቤት በባለሙያነት ስሠራ፣ ቦታውንም መሥሪያ ቤቱንም አልጠራም፣ አንድ የተራቆተ ተራራ ከንክኪ ነጻ ሊደረግ የተፋሰስ ኮሚቴ ተሰበሰበ። ካርታው ከመምጣቱ በፊት ቀለም ተቀብቷል። ቃለ ጉባኤው ላይ የስምምነቱ ዐረፍተ ነገር ተጽፎ የቀረው የፊርማ ቦታ ብቻ ነበር። ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት እጃቸውን አነሱ፦ "ይዘጋ፣ እሺ። ሳሩን ማን ያጭደዋል? እኔ ላሜን የት ላስራት?" ሰብሳቢው "ጥሩ አስተያየት ነው፣ እናቴ፣ እንይዘዋለን" አላቸው። ጸሐፊው ግን ብዕሩን አላነሳም። ከሁለት ክረምት በኋላ ያ ተራራ አጥሩ ፈርሶ፣ ከብት ሌሊት ሌሊት እየገባበት አገኘሁት። ሴትየዋ የጠየቁት የአካባቢ ጥበቃውን መሠረት ነበር። ሳሩ ታጭዶ ለማን እንደሚደርስ ቢነገር ኖሮ የመጀመሪያዋ ጠባቂ እሳቸው በሆኑ ነበር።

ሕዝባችን ኮሚቴ አያውቅም የሚሉ አሉ፤ አልቀበለውም። እድርን ተመልከቱ! ጸሐፊ አለው፣ መዝገብ አለው፣ የቀረ ይቀጣል። ማንም አበል አይከፈለውም። የተወሰነው ነገር በሚቀጥለው ለቅሶ ላይ ድንኳኑ ሲተከል ይታያል። ያ ሁሉ ሰው ቀበሌ ስብሰባ ሲጠራ ለምን እንደሚቀር ግልጽ ነው፤ ድንኳኑ አይታየውም።

ሌላም ነገር አለ። እኛ ጡረተኞች "በነፃ እናገለግላለን" ስንል ደስ ይለናል፤ ጡረታችን በወሩ ይገባልና። ለገበሬ ግን አንድ ቀን ስብሰባ አንድ ቀን እርሻ ነው። ለሴት ደግሞ ውሃ የምትቀዳበትና እንጀራ የምትጋግርበት ቀን ነው። ስብሰባው በገበያ ቀን፣ ገበያው አጠገብ ቢሆን፣ የመጓጓዣ ወጪውም ቢሸፈን ማን እንደሚመጣ ወዲያው ይለወጣል። ቋንቋውም እንዲሁ። ሐረማያ ዙሪያ ያለው ገበሬ የሚያስበውና የሚከራከረው በኦሮምኛ ነው። ቃለ ጉባኤው በዚያው ቋንቋ ተጽፎ መጨረሻ ላይ ካልተነበበለት፣ የፈረመው ወረቀት የሱ አይደለም።

ውሃው በቅርብ ዓመታት ተመልሷል። ደስታ ነው፤ ግን ፓምፑም አብሮ ይመለሳል፣ አፈሩም መታጠቡን አላቆመም። ስለዚህ የግቢው መምህራን፣ የምላችሁ ለእናንተ ነው፦ ሐይቁን የሚመለከት አማካሪ ኮሚቴ ሲዋቀር፣ ወይም ያለው ሲጠናከር፣ ወንበሩን ሁሉ በዶክተር አትሙሉት። ለባለ ፓምፑ፣ ከላይ ተዳፋቱ ላይ ለሚያርሰው፣ ለከተማው ውሃ አገልግሎት፣ ለጫት ነጋዴው ቦታ ይኑር። እናንተ መለኪያውን አምጡ፤ የውሃውን ከፍታ በየወሩ የሚያሳይ አንድ ሰሌዳ ገበያ ላይ ይሰቀል። ግብዣ ሲመጣላችሁም "እሺ" ከማለታችሁ በፊት ምክራችሁን የሚቀበለው ማን እንደሆነ፣ በስንት ቀን በጽሑፍ እንደሚመልስ ጠይቁ። መልስ ከሌለው በትህትና እምቢ በሉ፤ ስማችሁ ለጌጥ ነው የተፈለገው።

ከሰዓት በኋላ ጠቅላላ ጉባኤው ሲጀመር መግቢያው ላይ አንድ መዝገብ አስቀምጣለሁ። በዓመት አራት ቀን መስጠት የሚችል ስሙን ይጻፍ። ኦሮምኛ የምትናገሩ ስማችሁ አጠገብ ምልክት አድርጉልኝ፤ ቀድመን የምንደውለው ለእናንተ ነው። ውጭ አገር ያለነው ደግሞ የመጓጓዣውን ወጪ እንሸፍናለን፣ ስድስት ሰዎች ትናንት ማታ ቃል ገብተውልኛል። አበል የለውም። ሻይ ይኖራል።