ትል ስናረባ ዝንብ እንዳናረባ



ጫጩት ትል ሲበላ ቶሎ ያድጋል። ስለዚህ አንዳንድ ቤተ ሰብ በተሰበረ ገንቦ እበትና አተላ ቀላቅሎ ትል ያረባል። ነገር ግን ይህ ትል የዝንብ ልጅ ነው። በሞቃት አገር የዝንብ እንቁላል በ1 ቀን ይፈለፈላል። ትሉ ከ4 እስከ 7 ቀን በልቶ ቡናማ ቅርፊት ይለብሳል፤ ከዚያም ዝንብ ሆኖ ይወጣል። ያ ዝንብ ከዓይነ ምድር ተነሥቶ በሕፃኑ ዓይንና በእንጀራው ላይ ያርፋል፤ የዓይን ማዝና ተቅማጥ ያመጣል።

ታዲያ እንተወው ወይ? የለም፤ እንዲህ አድርጉ። ገንቦውን ከቤትና ከምንጭ አርቁ። የሰው ዓይነ ምድር ፈጽሞ አትጨምሩበት። 1 ቀን ክፍት ይቈይ፤ ከዚያ አፉን በስስ ጨርቅ አጥብቃችሁ እሰሩት። ከተከፈተ በ5ኛው ቀን፥ ትሉ ቅርፊት ሳይለብስ፥ ሁሉንም ለዶሮዎች አፍስሱ። የቀረውን እበት ፀሐይ ላይ በስሱ በትኑት፤ ዶሮዎቹ ጭረው ይለቅሙታል። በመጨረሻም እጃችሁን በሳሙና፥ ሳሙና ከሌለ በአመድ ታጠቡ።

ጫጩት ይደግልን ብለን የልጃችንን ዓይን ለዝንብ አንስጥ።