ጨዋነትና ማስረጃ በሥራ ቃለ መጠይቅ

ለሥራ የሚወዳደር ሰው ከፈታኞች ፊት የሚቀመጥበት ጊዜ አጭር ነው፤ ስለዚህም በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች የሚታየውና የሚሰማው ነገር ከኋላው የሚከተለውን ሁሉ ሊጫነው ይችላል። ሰሎሞን አሽ የተባለው የሥነ ልቦና ምሁር እ.ኤ.አ. በ1946 ባሳተመው ጥናት፣ ብልህ፣ ታታሪ፣ ችኩል፣ ተቺ፣ ግትርና ምቀኛ የሚሉ የአንድን ሰው መገለጫዎች ለአንዱ ቡድን በዚሁ ተራ፣ ለሌላው ከኋላ ወደ ፊት አስነብቦ፣ መልካሙን አስቀድሞ የሰማው ቡድን ስለዚያው ሰው የተሻለ ግምት መያዙን አሳይቷል። ይህ ዝንባሌ የቀዳሚነት ተጽዕኖ ይባላል። ከእርሱም በፊት፣ እ.ኤ.አ. በ1920፣ ኤድዋርድ ቶርንዳይክ የጦር መኮንኖች ለበታቾቻቸው የሰጡትን ነጥብ ሲመረምር፣ የአካል ቁመና፣ የዕውቀትና የመምራት ችሎታ ውጤቶች ከሚጠበቀው በላይ ተቀራርበው በማግኘቱ፣ አንድ ጎልቶ የታየ ባሕርይ የሌሎቹን ምዘና ይዞ እንደሚሄድ አስረድቷል፤ ይህም የሃሎ ተጽዕኖ በሚል ስም ይታወቃል።

ለመልካም የመጀመሪያ ግምት በሰዓቱ መገኘት፣ ንጹሕ አለባበስ፣ የትምህርትና የሥራ ልምድ ማስረጃን ከነኮፒው አዘጋጅቶ መቅረብ ብዙ ማብራሪያ አያሻቸውም። ይልቁንም ብዙ ጊዜ ሳይነገር የሚታለፈው ችግር ከአስተዳደግ የሚመነጭ ነው። ከታላቅ ጋር ሲነጋገር ዐይኑን ዝቅ፣ ድምፁን ለስለስ እንዲያደርግ፣ ሙያውንም ሌላ ሰው እንዲመሰክርለት እንጂ ራሱ እንዳያወራ ተመክሮ ያደገ ኢትዮጵያዊ፣ በምዘና ቅጹ ላይ «በራስ መተማመን» የሚል ረድፍ ከተቀመጠበት ፈታኝ ፊት ሲቀርብ፣ አክብሮቱ ድክመት ተደርጎ ሊቆጠርበት ይችላል። በዘመቻ ሙሴና እ.ኤ.አ. በ1991 በተካሄደው ዘመቻ ሰሎሞን ወደ እስራኤል የገቡ ቤተ እስራኤላውያን (ኢትዮጵያውያን አይሁድ) ም ፊት ለፊት መናገር በሚወደስበት ኅብረተሰብ ውስጥ ይህንኑ ልዩነት ተጋፍጠዋል።

መፍትሔው ጨዋነትን መጣል አይደለም፤ እንዲህ ያለው ምክር ተወዳዳሪውን የማያውቀውን ሰው እንዲመስል ያስገድደዋል። ራሱን ማሞገስ የሚያሳፍረው ሰው የሠራውን በዝርዝር ለመናገር ግን ምክንያት አያጣም። ለምሳሌ ለንብረት ክፍል ሥራ የሚወዳደር ባለሙያ ታማኝና ጠንቃቃ መሆኑን ከሚናገር ይልቅ፣ በዓመታዊ ቆጠራ ጉድለት በታየ ጊዜ የዕቃ ገቢውን ሞዴል 19 ቅጽ እና የወጪውን ሞዴል 22 ቅጽ ከክምችት መቆጣጠሪያው ቢን ካርድ ጋር አመሳክሮ ስሕተቱ የት እንደተፈጠረ እንዴት እንዳገኘ፣ ለማን እንዳሳወቀና ከዚያ በኋላ አሠራሩ ምን እንደተለወጠ ቢያስረዳ፣ ጠንቃቃነቱን ፈታኞቹ ራሳቸው ይደርሱበታል። «ሠራን» ብሎ ብቻ ማለፍም አይበቃም፤ የባልደረቦቹን ድካም ሳይወስድ የራሱን ድርሻ ለይቶ ማሳየት ይኖርበታል፤ ይህ ትዕቢት ሳይሆን ለፈታኙ የሚገባ ትክክለኛ መረጃ ነው። ያልሠራውን ሲጠየቅ እንዳልሠራው መናገርና ለሥራው የሚቀርበውን ልምድ ማቅረብ፣ ከተድበሰበሰ መልስ የበለጠ አመኔታ ያስገኛል።

ሸክሙን ሁሉ በተወዳዳሪው ላይ መጫን ግን ፍትሐዊ አይሆንም። «ቦታው አስቀድሞ የተያዘ ነው» የሚል ጥርጣሬ ይዞ የሚገባ ሰው ተስፋ መቁረጡ ከፊቱ ይነበባል፤ ጥርጣሬውንም ሊያስወግዱ የሚችሉት ቀጣሪዎች ናቸው። የተዋቀረ ቃለ መጠይቅ የሚባለው፣ ማለትም ለሁሉም ተወዳዳሪ ከሥራው ይዘት የተቀዱ አንድ ዓይነት ጥያቄዎች ቀርበው መልሱ አስቀድሞ በተጻፈ መስፈርት የሚመዘንበት ዘዴ፣ እንደ ጨዋታ ከሚካሄደው ጥያቄና መልስ ይልቅ የወደፊት የሥራ ውጤትን በተሻለ እንደሚያመለክት በርካታ ጥናቶች አረጋግጠዋል። በዚህ ዘዴ እያንዳንዱ ፈታኝ ከሌሎቹ ጋር ከመወያየቱ በፊት ነጥቡን ለብቻው ቢያሰፍር፣ ድምፁ ዝቅ ያለው ተወዳዳሪም በመልሱ የመመዘን ዕድል ያገኛል።