ብሮሚኑ ቀድሞ ይለቃል
(በምሩቃን የመገናኛ በዓል ላይ፣ ደብረ ማርቆስ የቀረበ ንግግር)



«ከሙያሽ አንድ ነገር በይ» ስባል የመረጥኩት ርዕስ ብዙዎቻችሁ ከፈተና በኋላ የተሰናበታችሁትን ነው፤ የሃይድሮካርቦኖችን ሃሎጂኔሽን። አትሳቁ! በየኦፕሬሽን ክፍላችን ቡናማ ጠርሙስ ውስጥ የተቀመጠው ሃሎቴን እኮ የዚሁ ውጤት ነው።

ትዝ ይላችሁ እንደሆነ ሚቴን ከፍሎሪን ጋር ሲገናኝ ይፈነዳል፤ ከክሎሪን ጋር ብርሃን ካገኘ ቶሎ ይሄዳል፤ ብሮሚን ይለግማል፤ አዮዲን ጭራሽ እምቢ ይላል። ነገሩ ያለው መጀመሪያው እርምጃ ላይ ነው። ሃሎጂኑ ሃይድሮጅኑን ከካርቦን መንጠቅ አለበት፤ ያን ትስስር ለመበጠስ 439 ኪሎጁል በሞል ያስፈልጋል። ክሎሪን ከሃይድሮጅኑ ጋር ሲጣመር 431 ስለሚመልስ ኪሳራው 8 ብቻ ነው። ብሮሚን የሚመልሰው ግን 366 ነው፤ 73 ይጎድለዋል። ስለዚህ ሙቀት ይፈልጋል። በ1951 እ.ኤ.አ. እንግሊዛዊው ኬሚስት ቻርለስ ሳክሊንግ የሠራው ሃሎቴንም በፋብሪካ ሲመረት ብሮሚኑ የሚገባው ከ400 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ በሆነ ሙቀት ነው።

እንዲህ ተለምኖ የገባው ብሮሚን ለመውጣት ግን አይቸገርም። ካርቦን ከፍሎሪን ጋር ያለው ትስስር ወደ 485 ኪሎጁል፣ ከክሎሪን ጋር ወደ 330፣ ከብሮሚን ጋር ወደ 280 ነው። ጠርሙሱ ቡናማ የሆነው ብርሃን ስለሚበታትነው ነው፤ ታይሞል የሚጨመርበትም እንዳይበላሽ ነው። (ቬፖራይዘር ጠርጎ የሚያውቅ ሰው ታይሞልን አይረሳውም!)

ወደ ጉበት እንምጣ። ሰውነት ከወሰደው ሃሎቴን 20 በመቶ ያህሉ እዚያ ይለወጣል፤ የአይሶፍሉሬን 0.2 በመቶ ብቻ ነው። ኢንዛይሙ ሃይድሮጅኑ ባለበት በኩል ኦክስጅን ያስገባል፤ ብሮሚኑ ይለቃል፣ ክሎሪኑ ይከተላል። ሦስቱ ፍሎሪኖች ካርቦናቸውን ጥርቅም አድርገው እንደያዙ ይቀራሉ። ይህ ቅሪት የጉበት ፕሮቲን ላይ ይለጠፋል፤ አንዳንድ ሰው ላይ ታዲያ ሰውነት የገዛ ጉበቱን እንደ ባዕድ ማየት ይጀምራል። በመጀመሪያው ጊዜ ትኩሳት ብቻ ሊሆን ይችላል። የሚያስፈራው ድጋሚው ነው፤ በተለይ በሦስት ወር ውስጥ ከተሰጠ።

ሃሎቴንን ለመክሰስ አልመጣሁም። ርካሽ ነው፣ ሽታው አይከብድም፣ ሕፃናት በቀላሉ ይተኙበታል። ከባዱ የጉበት ጉዳትም ብርቅ ነው። ግን ብርቅ የሆነውን ነገር የምናውቀው ከተጻፈ ነው።

ከጎዛምን ገጠር አንዲት እናት ለሁለተኛ ቀዶ ጥገና ወደ እኛ ተላከች። ሪፈር ወረቀቷ «በሰመመን ተሠርቶላታል» ይላል፤ በየትኛው መድኃኒት፣ መቼ፣ የለም። ባለቤቷን ስንጠይቀው «ጭንብል አድርገው አስተኟት፤ ደግ ሰዎች ናቸው» አለን። ከዚያ እግረ መንገዱን፣ «ኋላ ግን የወፍ በሽታ ይዟት ነበር፤ ዓይኗ ቢጫ ሆኖ። የሌሊት ወፍ አልፋባት ይሆናል ብለን ባህል መድኃኒት አጠጣናት» አለ። የሰመመን ባለሙያችን ጠርሙሱን አስቀምጦ ስልክ አነሳ። ሃሎቴን ነበር፤ ገና አምስት ሳምንቱ።

ለዓይን ቢጫነት ሌላ ብዙ ምክንያት አለ፤ የተጠጣው ሥር ራሱ ሊሆን ይችላል። እርግጠኛ እስክንሆን ግን በሃሎቴን መሞከር አይገባም። ከወገብ በታች አደንዝዘን ሠራናት፤ በሰላም ተነሳች።

የምለምናችሁ ትንሽ ነገር ነው። በየሆስፒታሉ ያላችሁ ጓደኞቼ፣ መውጫ ካርድና ሪፈር ወረቀት ላይ የሰመመኑን ስምና ቀን ጻፉ። ከዚያ በኋላ ያልታወቀ ትኩሳት ወይም ቢጫነት ከነበረም ጨምሩበት። ለታካሚው ደግሞ በአማርኛ ንገሩት፤ «የወፍ በሽታ ይዞህ ነበር ወይ?» ብላችሁም ጠይቁት፤ «ጉበትህን ታመህ ታውቃለህ?» ብትሉት «የለም» ነው የሚላችሁ።

የእኛዋን እናት ካርድ በትልቁ ጽፈን ሰጠናት። ባለቤቷ በላስቲክ ጠቅልሎ ከግብር ደረሰኙ ጋር ደረት ኪሱ ከተተው።