የሕመምተኛ አልጋ፣ የንጉሥ አልጋ



አዘጋጆቹ «ከሕክምና ውጪ ስለምታነቢው ንገሪን» ነበር ያሉኝ። እኔ ግን ዞሬ ዞሬ የምገኘው ሕመምተኛ አልጋ አጠገብ ነው። የዛሬው ሕመምተኛዬ በ1118 (በአውሮፓ አቆጣጠር) ቁስጥንጥንያ ውስጥ የሞተው የቢዛንታይን ንጉሠ ነገሥት አሌክሲዮስ ኮምኔኖስ ነው።

የሕመሙን ታሪክ የጻፈችው የበኩር ልጁ አና ናት። «አሌክሲያድ» የተባለውን መጽሐፏን መጨረሻ ስታነቡት ጎበዝ ሬዚደንት ኬዝ የምታቀርብ ነው የሚመስላችሁ። ሕመምተኛው ትንፋሽ ያጥረዋል፣ ጋደም ማለት አይችልም፣ ተቀምጦ ያድራል፣ ሆዱና እግሩ አብጧል። (በልባችሁ «የልብ ድካም» አላችሁ አይደል? እኔም ብያለሁ።) ሐኪሞቹ አይስማሙም፤ እሷ መካከላቸው ሆና ትዳኛለች፣ የአባቷን የደም ትርታ ከእጁ አንጓ ላይ ትከታተላለች።

ስለ ወንድሟ ስለ ዮሐንስስ? አልጋ ወራሹ የአባቱን ሁኔታ አይቶ ሄደ ብላ ታልፈዋለች። በቃ።

ነገሩ ግን እዚያው ነበር። አና በሕፃንነቷ የታጨችው ዙፋን ይወርሳል ለተባለው ለቆስጠንጢኖስ ዱካስ ነው፤ በ1087 ዮሐንስ ሲወለድ ተስፋው ዞረ። እናቲቱ እቴጌ ኢሬኔ ደግሞ ለአናና ለባሏ ለብሪዬንዮስ ነበር የምትሟገተው። ታሪክ ጸሐፊው ኮንያቲስ እንደሚለው፣ ዮሐንስ ከሚሞተው አባቱ ጣት ቀለበቱን አውልቆ ወደ ቤተ መንግሥት ገሰገሰ፤ ዘበኞቹ አላስገባ ቢሉት በሩ ተነቅሎ ገባ። ለቀብሩም አልወጣም። በአማርኛችን አልጋ ማለት ዙፋንም መኝታም መሆኑ እኮ እዚህ ላይ ነው የሚገባው!

በዓመቱ ለብሪዬንዮስ ሴራ ተጠነሰሰ፤ እሱ ግን አመነታ፣ ተነቃባቸው። ዮሐንስ የእህቱን ሀብት ወርሶ ለወዳጁ ለአክሱኽ ሊሰጥ ሲል፣ በምርኮ የመጣው ይህ ቱርክ «ለእህትህ መልስላት» ብሎ አስታረቃቸው።

ኮንያቲስ ይህ ሁሉ ሲሆን አልተወለደም። ሥልጣን የጠማት ሴት አድርጎ መሳሉን አንዳንድ የዘመናችን ተመራማሪዎች ይሞግታሉ፤ እኔም እንዳለ አልውጠውም። ዝምታዋ ግን ይከነክነኛል። ኮሪደር ላይ በውርስ የሚጣሉ ልጆች ያላጋጠሙት ሐኪም እዚህ አዳራሽ ውስጥ ያለ አይመስለኝም፤ ካርዱ ላይ ግን አንጽፈውም። አና ባሏ ከሞተ በኋላ ቁጭ ብላ የጻፈችው ካርዱን ነው።

ዮሐንስ ክፉ ንጉሥ አልነበረም። ከሚስቱ ጋር ባሠራው በፓንቶክራቶር ገዳም 50 አልጋ ያለው ሆስፒታል እንዲኖር የ1136ቱ ደንብ ያዛል፤ 12ቱ አልጋ ለሴቶች ነው፣ ሴት ሐኪምም ተመድባለች። በ1143 አደን ላይ ቆስሎ ሲሞት፣ በሕይወት ያለውን ታላቁን ልጅ ይስሐቅን ትቶ ታናሹን ማኑኤልን መረጠ። ያው አክሱኽ ቀድሞ ከተማው ደርሶ ይስሐቅን አስያዘው። የታሰረውም እዚያው፣ አባቱ ባሠራው ገዳም ውስጥ ነው።