በጥቃቅን ፊደል የተጻፈው ውል

የብድር ወይም የመድን ውል ስንፈርም ዓይናችን የሚያርፈው በገንዘቡ መጠንና በጊዜው ላይ ነው። ካሳ የማይከፈልባቸው ሁኔታዎች፣ የወለድ ለውጥና የቅጣት ክፍያ ግን ብዙ ጊዜ በመጨረሻዎቹ ገጾች በደቃቅ ፊደል ይታጨቃሉ። «ሳያነብ የፈረመ ራሱን ይውቀስ» የሚሉ አሉ። ፊርማ ዋጋ ካጣ ውል የሚባል ነገር አይኖርም፤ በዚህ እስማማለሁ። ግን ቢያነብስ ምን ያደርጋል? ቅጹ አስቀድሞ ታትሟል፤ አንዲት ቃል እንኳ አያስቀይርም። ያለው ምርጫ መፈረም ወይም ትቶ መሄድ ነው።

የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ይህን አይቶታል። በአንቀጽ 1686 መሠረት አንዱ ወገን ለሥራው ያወጣቸው ጠቅላላ የውል ሁኔታዎች ሌላውን የሚያስገድዱት፣ ሌላው አውቆ ከተቀበላቸው ወይም መንግሥት ከደነገጋቸው ወይም ካጸደቃቸው ብቻ ነው። አንቀጽ 1738 ደግሞ በእንዲህ ያለ ቅጽ ውስጥ የሚያጠራጥር ቃል ሲገኝ፣ ቅጹን ባዘጋጀው ወገን ላይ እንዲተረጎም ያዛል። ይህ ንግድን ያውካል የሚል ይኖራል፤ ለየደንበኛው አዲስ ውል መጻፍ በእርግጥ አይቻልም። ሕጉ ግን የታተመ ቅጽን አልከለከለም። የጠየቀው ፈራሚው እንዲያውቀው ነው፤ ሸክሙም በጸሐፊው ላይ መውደቁ ተገቢ ነው፤ ቃሉን ግልጽ አድርጎ መጻፍ የሚችለው እሱ ነውና። ሆኖም «አንብቤ ተስማምቻለሁ» ከሚል መስመር ሥር ከፈረሙ በኋላ አላወቅሁም ብሎ መከራከር ከባድ ነው። ስለዚህ ከመፈረማችሁ በፊት ቅጂውን ውሰዱ፣ ያልገባችሁን አንቀጽ አስረዱኝ በሉ፣ መልሱንም በጽሑፍ ጠይቁ።