በጨርቅ ላይ ስለሚታተመው የአባቶቻችን መልክ
በቤተ ክርስቲያናችን የኢዮቤልዩ በዓል ለምእመናን የተነገረ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ፥ አሜን።



ኢዮቤልዩ ማለት በኦሪት ዘሌዋውያን በምዕራፍ 25 እንደ ተጻፈ፥ ሰው ሁሉ ወደ ርስቱና ወደ ወገኑ የሚመለስበት ዓመት ነው። እኛም ዛሬ ወደ ወገኖቻችን እንመለስ ብንል፥ ይህን ቤተ ክርስቲያን ድንጋይ ተሸክመው፥ ውሃ ቀድተው ከሠሩት ብዙዎቹ አርፈዋል። የቀረልን በጎባና በሮቤ ፎቶ ቤቶች የተነሡት መልካቸው ነው፤ እርሱም በየሣጥኑ ውስጥ እርጥበት እየበላው ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ አሳስባለሁ፤ ይኸውም ፎቶግራፋቸውን በጥጥ ጨርቅ ላይ አትሞ፥ ቁራጩን ከቁራጩ ገጣጥሞ፥ በአዳራሻችን የሚሰቀል አንድ ትልቅ መታሰቢያ መስፋት ነው።

ጨርቅን ከጨርቅ መግጠም ለአገራችን እንግዳ አይደለም፤ ድሪቶ የድኻና የባሕታዊ ልብስ ሆኖ ኖሯልና። ሥዕልን በጨርቅ ላይ ማኖርም እንግዳ አይደለም፤ ሠዓልያን በጥጥ ጨርቅ ላይ ሥለው ጨርቁን ከመቅደስ ግድግዳ ጋር ሲያጣብቁ ኖረዋል። ነገር ግን በዚህ የደረሰውን ጉዳት ልብ እንበል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1932 ዓመተ ምሕረት በማርሴል ግሪዮል የሚመራ የፈረንሳይ የጥናት ጓድ፥ በጎንደር ከአባ እንጦንስ ቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ከነጨርቃቸው ከግድግዳው ልጦ ወሰደ፤ በምትካቸውም ጋስቶን ሉዊ ሩ የሣለውን ቅጂ ተወ። ዋናዎቹ ዛሬ በፓሪስ በኬ ብራንሊ ቤተ መዘክር ይገኛሉ። የእኛ ሥራ እንግዲህ የዚህ ተቃራኒ ይሁን፤ ዋናው ፎቶግራፍ ከባለቤቱ እጅ አይውጣ፥ መቀስም ካውያም አይንካው፤ ለስፌት የሚውለው ቅጂው ብቻ ይሁን።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፎቶግራፉ በስካነር ወይም በስልክ ይነሣል። ነጭና ሽመናው የጠበቀ የጥጥ ጨርቅ ታጥቦ ይደርቃል፤ የፋብሪካው ሙጫ ካልለቀቀ ቀለም አይዘውምና። ከዚያ ጨርቁ አንድ ፊቱ በስስ ላስቲክ በተለበጠ ወረቀት ላይ በካውያ ይጣበቃል፤ በ21 በ29.7 ሳንቲ ሜትር ልክ ተቈርጦ፥ ከዳሩ ክሩ ተለቅሞ፥ ቀለም በሚረጭ ማተሚያ ውስጥ እንደ ወረቀት ያልፋል። በሙቀት በሚያትመው በሌዘር ማተሚያ ግን ይህ አይደረግም፤ ላስቲኩ ቀልጦ መኪናውን ያበላሻልና። ቀለሙም ፒግመንት የሚባለው ይሁን፤ ሌላው በውሃ የሚሟማው ቀለም፥ ጨርቁ አስቀድሞ ለዚሁ በተዘጋጀ ፈሳሽ ካልተነከረ፥ በመጀመሪያው እጥበት ይለቃል። የታተመው ጨርቅ አንድ ቀን ሙሉ ከደረቀ በኋላ ወረቀቱ ይላጣል፤ ጨርቁ ያለ እንፋሎት ይተኰሳል፥ በቀዝቃዛ ውሃም ይለቀለቃል። አስቀድሞ በትርፍ ቁራጭ መሞከር ይገባል። ሥራው ባለቀ ጊዜም ፀሐይ በማያገኘው ግድግዳ ይሰቀል፤ ፀሐይ ቀለምን ትበላለችና።

ከአሠራሩ የሚበልጥ ግን ሦስት ነገር አለ። ፊተኛው፥ ቅዱሳት ሥዕላትን ከዚህ ጋር አንቀላቅል፤ ቅዱስ ሥዕል በክብር ቦታው ይሰቀላል እንጂ በመቀስ አይቈረጥም፥ በመርፌም አይወጋም። ሁለተኛው፥ ቤተ ሰቡ ሳይፈቅድ የማንም መልክ አይታተም። ሦስተኛውና ዋናው ግን ይህ ነው፤ ውሃ ከቀዱትና ጭቃ ከረገጡት መካከል በዕድሜያቸው አንድ ጊዜ እንኳ ፎቶግራፍ ያልተነሡ አሉ። መልክ የቀረለትን ብቻ ብንሰፋ፥ ገንዘብ የነበረውን አክብረን ድኻውን ዳግመኛ መቅበራችን ነው። ስለዚህ ፎቶግራፍ ለሌላቸው፥ ቢገኝ ከራሳቸው ነጠላ፥ ባይገኝ ከንጹሕ ነጭ ጨርቅ፥ ልኩ ከሌሎቹ የማያንስ ቁራጭ ይቈረጥ፤ የክርስትና ስማቸውና የዓለም ስማቸውም በክር ይጠለፍበት። ፎቶግራፍ ካላቸውም በታች ስማቸው እንዲሁ ይጠለፍ፤ ቀለም እየደበዘዘ ይሄዳልና፥ ስሙ ያልተጻፈ መልክም ከአንድ ትውልድ በኋላ የማንም አይደለም።

ስማቸውን የሚያውቁ ሽማግሌዎችና ባልቴቶች ዛሬ በመካከላችን ተቀምጠዋል። እነርሱ ሳያርፉ ጠይቀን እንጻፍ፤ ጨርቁና ቀለሙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

እግዚአብሔር የአባቶቻችንንና የእናቶቻችንን ነፍስ በአብርሃም፥ በይስሐቅና በያዕቆብ አጠገብ ያሳርፍልን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።