የጻፍነውን ለማሳተም፦ ለአሳታሚ እንስጠው ወይስ በራሳችን ገንዘብ?



በአሽዶድ በብዙ ቤተሰብ ጠረጴዛ ላይ፣ ከኡልፓን ደብተሮች አጠገብ፣ አንድ ሌላ ደብተር አለ። አባት ወይም አያት የሚጽፉበት ነው። የመንገዱ ታሪክ፣ የዘር ሐረግ፣ የበዓላት ሥርዓት፣ ከቄሶች አፍ የሰሙት ትምህርት ሁሉ ሰፍሮበታል። ደብተሩ ሲሞላ ጥያቄ ይመጣል፦ «ይህ መጽሐፍ እንዲሆን ለአሳታሚ ልስጠው ወይስ ራሴ ከፍዬ ላሳትመው?» የዛሬው ንግግራችን በዚህ ላይ ነው።

አስቀድመን ሁለት ቃላትን እንለይ። ማተሚያ ቤት፣ በዕብራይስጥ «ድፉስ» የሚባለው፣ የሰጣችሁትን አትሞና ጠርዞ ያስረክባል፤ ሥራው እዚያ ያበቃል። አሳታሚ፣ «ሆጻአ ላኦር» የሚባለው ግን ረቂቁን አንብቦ ይመርጣል፣ ያርማል፣ ወጪውን ይሸፍናል፣ ለመጻሕፍት መደብሮች ያከፋፍላል፣ ለደራሲውም ከሽያጩ ድርሻውን ይከፍላል። ደንቡ ይህ ነው። ነገር ግን በእስራኤል ከደራሲው ገንዘብ የሚጠይቁ አሳታሚዎችም አሉ። ይህ ወንጀል አይደለም፤ ይሁን እንጂ ከፋዩ እናንተ ከሆናችሁ፣ በሩ ላይ ምንም ይጻፍ ምን፣ በራሳችሁ ገንዘብ እያሳተማችሁ ነው። ስለዚህ ቢሮው ገብታችሁ ሽፋኑ ምን ያህል እንደሚያምር ሲነገራችሁ፣ መጀመሪያ መጠየቅ ያለባችሁ ገንዘቡ ከማን ወደ ማን እንደሚሄድ ነው።

ነገሩ ለእምነት መጻሕፍት ይበልጥ ይከብዳል፤ ከገንዘቡ ሌላ የቃሉ ባለቤትነት አለበትና። አንድ የቆየ ታሪክ እንመልከት። (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) አቡ ሩሚ የተባለ የጎጃም ሰው፣ ክርስቲያን፣ ካይሮ ተቀምጦ መጽሐፍ ቅዱስን ወደ አማርኛ ተረጎመ። አሥር ዓመት ፈጀበት፤ የእጅ ጽሑፉም ከ9 ሺህ ገጽ በላይ ነበር። ያሠራው አንድ የፈረንሳይ ዲፕሎማት ነው። በ1820 የእንግሊዙ የመጽሐፍ ቅዱስ ማኅበር ጽሑፉን ከዲፕሎማቱ ገዛው፤ ሙሉው በ1840 ታትሞ ሲወጣ አቡ ሩሚ በሕይወት አልነበረም። የማኅበሩ ገንዘብ ባይኖር ያ ሁሉ ድካም ሣጥን ውስጥ ይቀር ነበር ማለት ይቻላል፤ ይህ መካድ የለበትም። መጽሐፉ ለማን እንደሚታደል፣ ለምን ዓላማ እንደሚውል የወሰነው ግን የከፈለው ወገን ነው። ወደ ቤተ እስራኤል መንደሮች የመጡት ሚሲዮናውያን የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስ ይዘው እንደነበር ሽማግሌዎቻችን ከአባቶቻቸው ሰምተዋል። የራሳችን «ትእዛዘ ሰንበት» እንኳ በ1902 ፓሪስ ላይ በኅትመት ያወጣው ዮሴፍ ሃሌቪ ነው። ሃሌቪን ልናመሰግነው ይገባል፤ ነገር ግን በቄሶቻችን እጅ የኖረው መጽሐፍ በሌላ ሰው አሳታሚነት ወጣ።

አዲስ አበባ ያሉ ክርስቲያን ጸሐፊዎች ዛሬም በዚሁ መንታ መንገድ ላይ ይቆማሉ። እንደ ማኅበረ ቅዱሳን ያለ ማኅበር ካሳተመላቸው ይዘቱ ይመረመራል፣ መሸጫ ሱቅም ያገኛሉ። ብዙዎቹ ግን ተበድረው ለማተሚያ ቤት ይከፍሉና መጽሐፉን ራሳቸው እየዞሩ ይሸጣሉ። በደርግ ዘመን የኖራችሁ ደግሞ የሳንሱርን ማኅተም ታስታውሳላችሁ፤ በኢትዮጵያ ቅድመ ምርመራ በሕግ የቀረው በ1992 ነው። እዚህ አገር የመንግሥት ፈቃድ አያስፈልግም፤ ስለዚህ «ማን ይፈቅድልኛል?» ብላችሁ አትስጉ። ይልቅ ስሕተቱን የሚያይላችሁ እንደሌለ እወቁ። ከመታተሙ በፊት ሁለት ሰው ያንብበው፤ አንዱ ሥርዓቱን የሚያውቅ፣ አንዱ ፊደል ለቃሚ ይሁን።

እንግዲህ ምርጫው ምን ይሁን? በእኔ አስተያየት የሚወስነው ቋንቋው ነው። ራቢ ዶክተር ሻሮን ሻሎም ስለ ቤተ እስራኤል ሥርዓት የጻፉት «ከሲና እስከ ኢትዮጵያ» በ2012 በዕብራይስጥ የወጣው በይድኦት አሳታሚ በኩል ነው፤ በ2016 ደግሞ ጌፈን በእንግሊዝኛ አወጣው። አንባቢው የአገሩ ሕዝብ ሁሉ ስለሆነ፣ መደብር ውስጥ መግባት ነበረበት። በዕብራይስጥ የጻፈ ልጅ ካላችሁ በትዕግሥት የአሳታሚዎችን በር ያንኳኳ። የአማርኛ መጽሐፍ አንባቢ ግን መደብር አይሄድም። የሚገኘው ማትናስ፣ ጸሎት ቤት፣ ሠርግና ተዝካር ላይ ነው፤ እዚያ የሚያደርሰው ደግሞ ከእናንተ የተሻለ አከፋፋይ የለም። ስለዚህ በአማርኛ ለጻፈ ሰው በራስ ገንዘብ፣ በትንሽ ቁጥር ማሳተም ይሻላል እላለሁ።

«በትንሽ ቁጥር» ያልኩት በምክንያት ነው። ቅጂው ሲበዛ የአንዱ ዋጋ ይቀንሳል፤ ማተሚያ ቤቱም ይህን ይነግራችኋል። እውነት ነው። ግን ያልተሸጠ መጽሐፍ በማንኛውም ዋጋ ውድ ነው፤ ለሞርጌጅ የተቆጠበ ገንዘብ አልጋ ሥር ካርቶን ሆኖ ይቀመጣል። ዛሬ በዲጂታል ማተሚያ 50 ወይም 100 ቅጂ ማሳተም ይቻላል፤ ሲያልቅ ይጨመራል።

አንድ ለእኛ ብቻ የሚደርስ አደጋም አለ። የዕብራይስጥ መጽሐፍ በቀኝ ይከፈታል፣ አማርኛ በግራ። ፊደላችንን የማያውቅ ሠራተኛ አማርኛውን በዕብራይስጥ ልማድ ቢጠርዘው መጽሐፉ ከመጨረሻው ይጀምራል። ጽሑፉን በፒዲኤፍ ስጡ፤ አለዚያ ፊደሉ ወደ ባዶ ሣጥን ሊለወጥ ይችላል። ከዚያም አንድ የሙከራ ቅጂ በእጃችሁ ሳትይዙ «አትሙ» አትበሉ። ይህ ልዩነት ደግሞ ጥቅም አለው፦ አማርኛው ከግራ፣ የልጅ ልጆች የሚያነቡት ዕብራይስጥ ከቀኝ ጀምሮ መሐል ላይ የሚገናኝ አንድ ጥራዝ ማሠራት ይቻላል።

ውል ሲቀርብ ልጃችሁን ከትምህርት ቤት አስቀርታችሁ አስተርጓሚ አታድርጉ። የ14 ዓመት ልጅ ዕብራይስጡን ያነበዋል፣ ሕጉን ግን አያውቀውም። በብዙ ከተሞች «ሺል» የሚባለው የነዋሪዎች ምክር አገልግሎት በነጻ ይሰጣል። በእስራኤል የ2007 ሕግ መሠረት የጽሑፉ መብት ያለ ምንም ምዝገባ የጸሐፊው ነው፤ ከሞተም በኋላ 70 ዓመት ለወራሾቹ ይቆያል። ወደ ሌላ ሰው የሚዛወረው በጽሑፍ ብቻ ስለሆነ ፊርማችሁ ከባድ ነው። መብቱን ለዘለዓለም ትሰጣላችሁ ወይስ ለተወሰኑ ዓመታት? የትርጉሙ መብት የማን ነው? ያልተሸጠው ቅጂ ወዴት ይሄዳል? እነዚህ በውሉ ላይ ይጻፉ። ስማችሁ በመጽሐፉ ላይ የመሰፈሩ መብት ግን ሌላውን ሁሉ ብትሸጡም የእናንተው ነው፤ ሕጉ ይህን መብት ለሌላ ማስተላለፍ አይፈቅድም።

ሲታተም፣ በ2000 በወጣው የመጻሕፍት ሕግ መሠረት፣ በ30 ቀን ውስጥ ሁለት ቅጂ ኢየሩሳሌም ላለው ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ይላካል። የአማርኛ መጽሐፍም በዚሁ ሕግ ይገባል። አሳታሚ ካላችሁ እሱ ይልካል፤ ራሳችሁ ካሳተማችሁ ግን መላኩ የእናንተ ግዴታ ነውና ሁለቱን ቅጂዎች ለዘመድ ከማደላችሁ በፊት ለይታችሁ አስቀምጡ።